የዳሚት አንገት

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወልድያ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ሻይ የምታፈላው ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ወተቱን ረሳችው። ወተቱ ክዳኑን ገፍቶ በድስቱ ጎን ወረደና ፍሙ ላይ ሲንቸሰቸስ ያ ሽታ መጣ። ግማሹ ጣፋጭ፣ ግማሹ ያረረ ፀጉር የሚመስል ሽታ ነው። ብድግ አልኩ። ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ከሄድኩ በኋላ ነው ለምን እንደተነሣሁ የገባኝ፤ ጓሮ ገብቼ የላም ጡት ልዳብስ ነበር።

«ምነው እትዬ፣ ሊሄዱ ነው እንዴ? መኪናው እኮ ገና ነው» አለችኝ ልጅቷ።

ምን ልበላት? ሻይ ቤቱ ላም የለውም። አፍሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሷ ድስቱን አውርዳ ምድጃውን ስታጸዳ፣ እኔ ያቺን ዓመት ከመጀመሪያዋ ጀምሬ እያየኋት ነበር።

እኛ ቤት ወተት አይፈላም። ማፍላት ቀርቶ አንዲት ጠብታ ምድጃው ላይ ከወደቀች፣ አክስቴ እቴ ዘሀራ ፍሙን በውሃ አጥፍታ «አዑዙ ቢላህ» ትል ነበር። ወተት እሳት ከነካው የላሚቱ ጡት ይቃጠላል፤ ይሰነጠቃል፤ በወተት ፋንታ ደም ይወርዳል። ይህን የምትለው እሷ ብቻ አልነበረችም። ጎረቤቱ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በዚህ ነገር አንድ ነበር። ወተት የሚጠጣው እንደታለበ፣ አረፋው ሳይጠፋ፣ በወይራ ጭስ ከታጠነ ቅል ነው። ሙቀቱን ከላሚቱ ገላ ይዞት ወጥቷል፤ ሌላ እሳት ምን ያደርግለታል?

እቴ ዘሀራ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ወንድሜን ሙሄን ስትወልድ ሞተች፤ አባቴም ብዙ ሳይቆይ ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተ። እቴ አንድ ጥቅል ልብስ በጀርባዋ አዝላ ከአምባሰል ወርዳ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ለማንም መልስ የማታጣ ሴት ነበረች። ሐይቁ ዳር ካለው ቤታችን ስትደርስ መጀመሪያ የሄደችው ሕፃኑ ዘንድ አይደለም፤ ዳሚት ዘንድ ነው። ዳሚት እናቴ ስትዳር ወላጆቿ የሰጧት ዳማ ላም ናት። እቴ ጡቷን ዳበሰችና «በይ እንግዲህ፣ ይሄን ልጅ የምናሳድገው እኔና አንች ነን» አለቻት።

እውነትም አሳደጉት። መጀመሪያ እቴ ጥጥ በወተት እየነከረች ታጠባው ነበር፤ ጠንከር ሲል በፍንጃል ሆነ። ኋላማ ራሱ እየዳኸ ጋጣው ገብቶ ከማለቢያው ቅል ሥር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሰው ሁሉ «የዳሚት ጥጃ» ይለው ነበር። እኔ ይህ ቀልድ መሆኑን አላውቅም። ላም ሰው እንደማትወልድ ይገባኛል፤ ነገር ግን እናቱ የሞተችበት ልጅ ሽማግሌ ተቀምጦ ለላም በወግ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር። ዳሚት ስትጮህ ሙሄ ይነሣል፤ ሙሄ ሲያለቅስ ዳሚት ጆሮዋን ታዞራለች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር እፈልግ?

ሌላም የማምነው ነገር ነበረኝ። ዳሚት ጎሕ ሲቀድ ታስላለች። አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ አጭርና ደረቅ ሳል ነው የምታስለው። ከአዛኑ ጋር ስለሚገጥም የጸሎት ይመስለኝ ነበር። «የእኛ ላም ሱብሒ ትሰግዳለች» ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አውርቻለሁ። ካመኑኝ ውስጥ ሁለቱ ክርስቲያኖች ነበሩ።

የዚያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የሙሄ አንገት ማበጥ ጀመረ። ከአገጩ ሥር በግራ በኩል መጀመሪያ ሽምብራ የምታህል እጢ ወጣች፤ ቆይታ ባቄላ አከለች፤ ከዚያ ሌሎች ጨመሩባትና እንደ መቁጠሪያ ተደረደሩ። አያመውም፤ ስንነካው እንዲያውም ይስቃል። ግን ከሳ። ሲተኛ ያልበዋል፣ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ የሁለት ዓመት ልብሱ ሰፋው። እቴ ሼኹ ዘንድ ወስዳ ዱዓ አስደረገችለት፤ ክታብም አሰረችለት። ሰው እንዳያየው ደግሞ ቀይ ሻሽ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት።

«ዓይን ነው» ትላለች። «እናት የሌለው ልጅ እንዲህ ሸጋ ሲሆን ማን ዝም ይላል?»

በከሳ ቁጥር ወተት ትጨምርለታለች። የእኔም ድርሻ ወደ እሱ ዞረና እኔ በውሃ ቀረሁ።

ኅዳር ገደማ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በየቤቱ ዞረ። ከተማው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ሊከፈት ነው፤ ወተቱ የሚመጣው ከእኛ ከሐይቅ ዳር ሰዎች ነው፤ መጀመሪያ ግን ላሞቹ በሐኪም ይመረመራሉ። እቴ ዘሀራ «ጓድ» ብሎ የሚጠራት ሰው ሲመጣ ፊቷ ይጠቁር ነበር፤ ያን ቀን ግን ሊቀመንበሩን ቁጭ ብለህ ካልበላህ አለችው። የዳሚት ወተት ለመንግሥት ልጆች ሊሆን ነው! በማግስቱ ላሚቱን ሐይቁ ውስጥ አስገብታ በሣር አሸችና እስክታብለጨልጭ አጠበቻት።

ሐኪሙ በላንድሮቨር ከደሴ መጣ። መኮንን ይባላል። ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ከእያንዳንዷ ላም በኋላ እጁን በሳሙና የሚታጠብ ወጣት ነው። ሲሠራ ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው የአምባሰልን ዜማ ያንጎራጉራል። እቴ ጆሮዋን አቀናች።

«አንተ ልጅ፣ የት ነው አገርህ?»

«አምባሰል ነኝ፣ እናቴ።»

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?» አለችና የዳሚትን ገመድ ሰጠችው።

ያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። ዳሚት ከዋርካው ጋር ታሰረች። አንገቷ ላይ ክታብ ነበራት፤ ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ አንሥቶ ቀንዷ ላይ ሰቀለው። ለዚህ ብቻ ግማሹ ሰው ወደደው። ከዚያ የአንገቷን ጎን በምላጭ ሁለት ቦታ ላጨ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ከፀጉሩ ሥር የወጣው ቆዳ ገርጣ ያለ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ዳማ ናት ያልኳት ላም ከውስጥ ሌላ ቀለም ነበራት! ከኪሱ እንደ ወፍ አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ብረት አወጣ። ቆዳዋን ቆንጥጦ ሳበና በብረቱ አፍ ይዞ ውፍረቱን ለካ። ጨርቅ ሲለካ አይቻለሁ፣ የአዋጁ ጊዜ መሬት ሲለካ አይቻለሁ፤ ሰው የላም ቆዳ ውፍረት ሊለካ ይመጣል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። በመጨረሻ በቀጭን መርፌ ሥጋዋን ሳይነካ፣ ቆዳዋ ውስጥ ብቻ፣ ሁለቱንም ቦታ ወጋ።

ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረና አስረዳ። «የላይኛው ከዶሮ በሽታ የተሠራ ነው፤ የታችኛው ከከብት። የሳንባ ነቀርሳን ነው የምንፈልገው። ይሄ መድኃኒት አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ገላዋ በሽታውን የሚያውቀው ከሆነ ያስታውሰዋል፤ ይቆጣል። የማያውቀው ከሆነ ዝም ይላል። ሁለት ቦታ የወጋሁት አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቼ እንዳልሳሳት ነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ዶሮዋን ነው። የዳሚት አንገት ውስጥ ዶሮ ገባች። ሁሉም ዞር ሲሉ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ፤ የሚሰማው ግን የዳሚት ማመንዠክ ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን አያ ደምሴ፣ ነገር ሳይጠይቅ የማያልፍ ሰው፣ «ይሄ መርፌ ለላም ብቻ ነው?» አለ።

«በሌላ አገር ለጎሽም ነው። ጎሽ አርብተው የሚያልቡ ሰዎች አሉ፤ እሷንም እንደዚሁ አንገቷን ላጭተው ይጠይቋታል።»

«ጎሽ? ቁጭ ብሎ ጎሽ የሚያልብ ሰው? በማርያም፣ ሐኪም፣ ሕፃን አደረግኸን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሐይቁ ዳር ደንገሉ በተነቃነቀ ቁጥር ማለቢያ የያዘ ሰው ጎሹን እየነዳ የሚወጣ እየመሰለኝ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ሐኪሙ ሲሄድ «በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። እስከዚያ ቅቤም ቅጠልም እሳትም እንዳይነካው» ብሎ አስጠነቀቀ።

ቀጥሎ የሆነው እንዲገባችሁ የዚያን ዘመን ሰው ክንድ ማየት አለባችሁ። ሁላችንም ክንዳችን ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለን። ከታቢው መጥቶ ይጭርና ይሄዳል፤ ቦታው አብጦ ከቆሰለ «ያዘለት» ይባላል፤ ካላበጠ አልያዘምና ይደገማል። ስለዚህ ለእኛ መርፌ የነካው ቆዳ ማበጡ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ መዳን ነው። ሐኪሙ «መድኃኒት አይደለም፣ ጥያቄ ነው» ማለቱን ሰው ሁሉ ሰምቷል። ግን የተማረ ሰው ነገር ማወሳሰብ ይወዳል ብለው ተዉት።

በማግስቱ የዳሚት የታችኛው ቦታ አበጠ። የላይኛው እንደነበረ ነው። በሦስተኛው ቀን ጧት ታችኛው እንቁላል አከለ፤ ስነካው ጠንካራና ትኩስ ነበር።

«ያዘላት!» አለች እቴ። «አልሐምዱሊላህ፣ ያዘላት! የኔ ሸጋ፣ ድሮስ አንች መቼ ታሳፍሪኛለሽ!» ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደች። «ደምሴ! የአንተዋ እንዴት አደረች?»

«ምን ትሆናለች፣ ልሙጥ ናት» አለ አያ ደምሴ ከወዲያ።

«አብሽር፣ ላልያዘለት ይደገምለታል።»

ይህን ያለችው በማጽናናት ድምፅ ነው፤ አያ ደምሴ ግን ነደደ። ትንሽ ቆይቼ በአጥሩ ቀዳዳ ባይ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሳማ ቆርጦ፣ የላሙን የተላጨ አንገት እየገረፈ ነው። ላሚቱ ትዘላለች።

«አያ ደምሴ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም በይ አንች! መርፌውን እያገዝኩት ነው።»

ረፋዱ ላይ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ሐኪሙ ከአያ ደምሴ ላም ጀመረ። ብረቱን አላወጣም። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ጫፍ ቆዳውን ዳበሰ፤ የሚያዳምጥ ነበር የሚመስለው። ዓይኑን ሳይገልጥ «ይሄ ሳማ ነው» አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አያ ደምሴ መሬት መሬት አየ። እኔ ግን ጣቱን አየሁ። ይህ ሰው አጥሩ ጋ አልነበረም፤ ማንም አልነገረውም፤ ጣቱ ነገረው።

«የሳማ እብጠት ከላይ ከላይ ይሮጣል፤ ድንበር የለውም» አለ። «ግን ለምን እንዲያብጥ ፈለግህ?»

«እንዲይዝላት ነዋ!»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። እኛን ተራ በተራ አየን፤ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ወገኖቼ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ደህናዋ ላም ያላበጠባት ናት። ያበጠባት የታመመች ናት።»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ዳሚት ዞረ። እቴ ዘሀራ አጠገቧ ቆማለች፤ መዳፏ ልክ እብጠቱ ላይ ነበር።

ሐኪሙ ወደ ዳሚት ሲመጣ ማንጎራጎሩን አቁሟል። ዳበሳት። ላዩን ለካ፣ ታቹን ለካ፣ ታቹን እንደገና ለካ።

«እናቴ፣ ይህች ላም የሳንባ ነቀርሳ አለባት። ታስላለች?»

እኔ ቀድሜ መለስኩለት። «አታስልም፤ ትሰግዳለች እንጂ።»

ማንም አልሳቀም።

በዚህ መሀል ሙሄ በሰው እግር ሥር ሾልኮ መጥቶ የዳሚትን ቅልጥም አቀፈ። ሐኪሙ ላሚቱ እንዳትረግጠው ጎንበስ ብሎ ሲያነሣው ሻሹ ተፈታ። ሐኪሙ አየው። ብብቱን ይዞት እንደቆመ በአንድ እጁ አንገቱን ዳሰሰ፤ ያው ጣት ነው፣ ዓይኑንም እንደዚያው ጨፈነ። ያንን ብረት አውጥቶ ወንድሜንም ሊለካው ነው ብዬ የሙሄን እግር ያዝኩ።

«ይሄ ልጅ ወተት የሚጠጣው ከማን ነው?»

«ከእሷ» አለች እቴ። «ከተወለደ ጀምሮ። ሌላ እናት የለውም።»

«ጥሬውን?»

«ታዲያ ምኑን?»

ሐኪሙ ሙሄን አስታቀፋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገራት። ልጁን ያው በሽታ በጥሬ ወተቱ ይዞታል፤ ቶሎ ደሴ ሆስፒታል ይሂድ። በጊዜ ከተያዘ ይድናል፤ ብዙ ወር መርፌ ይወጋል። ከዚህች ላም ጡት ግን ከእንግዲህ ጠብታ አይቅመስ። ላሚቱ ከሌሎቹ ትለይ፤ የሚሻለው መታረዷ ነው፤ እሱ ግን ሊያስገድዳት አይችልም።

እቴ ተቆጣች። ስትቆጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፤ አሰረች።

«የደምሴን እብጠት ውሸት ነው አልኸው። የእኔን እውነት ነው አልኸኝ። ሁለቱም እብጠት ነው! እናቱ የተወችለትን ላም ጣትህን አምኜ ልረድ? ልጁንስ ጣትህን አምኜ ለመርፌ ልስጥ?»

አልተከራከራትም። «ጣትዎን ይስጡኝ» አላት። እጇን ይዞ መጀመሪያ የአያ ደምሴ ላም አንገት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የዳሚት ላይ። እቴ ዕድሜዋን ሁሉ በጣቷ ጡት ያወቀች ሴት ናት፤ የሞላውን ከጎደለው፣ ያበጠውን ከደህናው በጨለማ ትለያለች። ልዩነቱ እንደገባት ፊቷ ላይ አየሁ። እጇን እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀች። ማመን ግን አላመነችም።

ከሰዓት በኋላ አያ ደምሴ አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ዘሀራ፣ ገበያ አውጫት። መልከ ቀና ላም ናት፤ ፀጉሯ እስኪበቅል ጠብቀሽ አውጫት። ከሩቅ የመጣ ሰው ይገዛሻል። ማን ያውቃል?»

እቴ ወደ ዳሚት ዞረች። ሙሄ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ ትንፋሹ ይሰማል።

«የሚገዛት ሰው ቤት ልጅ ካለስ?» አለች።

አያ ደምሴ ጋቢውን አጣፋ።

«ሌላ ሙሄ ይጠጣት?» አለችው እቴ።

ክርክሩ ይኸው ነበር። በማግስቱ ጧት እኔን ሐኪሙ ወዳደረበት ወደ ከተማ ላከችኝ። «ያን የአምባሰል ልጅ ጥሪልኝ። አርጄ በዓይኔ አየዋለሁ በይው። እንዳለው ከሆነ ልጁን ደሴ ይዤ እሄዳለሁ። ውስጧ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን ልጄን ማንም በመርፌ አይነካውም፤ እሱም ሐይቅን እንዳይረግጥ።» መንገዱን ሁሉ ቃሏን እየደገምኩ ሄድኩ። የወንድሜ ነገር በዳሚት ደረት ውስጥ ተዘግቶ ያለ መሰለኝ፤ በእርግጥም እዚያው ነበር።

በሌላው ቀን ጧት እቴ ራሷ ዳሚትን ጎትታ አወጣቻት። ክታቡን ከቀንዷ ፈታ ኪሷ ከተተች፤ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከች፤ ምን እንዳለቻት ለማንም አልተናገረችም። ሙሄን አያ ደምሴ ቤት ደብቀነው ነበር። ከመንደሩ የሚያርዱት አያ ሰይድ ወደ ቂብላ አዙረው «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ሲሉ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጆሮን መጨፈን ግን አይቻልም።

ዓይኔን ስገልጥ ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ ደረቷን ከፍቷል። በጧቱ ብርድ እንፋሎት ይወጣል። ሳንባዋን ቆዳዋ ላይ ዘረጋው። አንዱ ወገን ለስላሳና ሮዝ ነበር፤ እንዲህ ያማረ ነገር ላም ሆድ ውስጥ አለ ብዬ አላሰብኩም። እቴ እሱን አየችና ወደ ሐኪሙ ቀና አለች፤ ዓይኗ ውስጥ ተስፋም ቁጣም ነበር። ሐኪሙ ሌላውን ወገን ገለበጠው። እባጭ በእባጭ ነው፤ ቢጫ፣ ጠጣር፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ። ቢላዋ አንሥቶ መሀሉን ሲቆርጠው ድምፅ ሰማን። አሸዋ ላይ የሚሄድ ቢላዋ ድምፅ ነው። ሥጋ እንዲያ ይጮሃል?

«ራስዎ ይቁረጡት» ብሎ ቢላዋውን ሰጣት።

እቴ ቆረጠች። ኮረር አለ። እንደገና ቆረጠች፤ ኮረር። ሐኪሙ ከዳሚት መንጋጋ ሥር ያለውን እጢ ደግሞ አውጥቶ ከፈተላት፤ ያው አሸዋ፣ ያው ቢጫ ነገር። የሙሄም አንገት ያበጠው ልክ እዚያ ቦታ ነበር። እቴ እጢውን አየች፤ ወደ አያ ደምሴ ቤት አየች፤ ከዚያ ሄዳ ዳሚት ራስ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ሱብሓነላህ» አለች። ግንባሯን ዳበሰቻት። «ያ ረቢ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ስታጠቢው የኖርሽው?»

ሐኪሙ ፊቱን አዞረ። አያ ሰይድ ቢላዋቸውን በሣር ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ።

እኔ ያን ቀን የተሰማኝን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም። ፍርሃት ነበረበት፣ ሐዘንም ነበረበት፤ ከሁሉ የበለጠው ግን መደነቅ ነው። ይህ ሰው ደረቷን ሳይከፍት፣ ከአንገቷ ቆዳ ላይ ብቻ፣ ሳንባዋ ውስጥ ያለውን አውቋል። እኛ አብረናት አድረን፣ አልበናት፣ አጥበናት ያላወቅነውን እሱ በመርፌ ጠየቃት፤ ዳሚትም አልዋሸችውም። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ባየኝ ቁጥር ውስጤን እንዳያነብ ነጠላዬን ደረቴ ላይ እሰበስብ ነበር።

ሥጋዋን ማንም አልቀመሰም። ከደንገሉ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቆፈረ፤ ከሁሉ አብዝቶ የቆፈረው አያ ደምሴ ነው። በበነጋው እቴ ሙሄን አዝላ ደሴ ሄደች። ሻሹን አላሰረችለትም። አውቶቡስ ውስጥ ላየው ሁሉ አንገቱን እያሳየች «በሽታ ነው፣ ዓይን አይደለም፤ የእናንተም ልጅ ካለው አሳዩ» ትል ነበር አሉ።

እነሱ ደሴ ሲቆዩ እኔ አያ ደምሴ ቤት ሰነበትኩ። ሐኪሙ በሌላ ጊዜ ተመልሶ የአያ ደምሴን ላም በአዲስ መርፌ ጠየቃት፤ የእኛን እርጉዝ ጊደር ቡሬንም፣ የዳሚትን ልጅ፣ አብሮ ጠየቃት። በየጧቱ ተነሥቼ አንገቷን እዳብስ ነበር። ልሙጥ ናት። ከትናንት ወዲያ ልሙጥ፣ ትናንት ልሙጥ፣ ዛሬም ልሙጥ! አያ ደምሴ አጥር ላይ ቆሞ ለመንደሩ በሙሉ «አላበጠችም! የእኔም የዘሀራም አላበጠችም!» ብሎ ጮኸ፤ ያን ሳማ የቆረጠ እጁን እያወዛወዘ።

ሙሄ ክረምቱ ሊገባ ሲል ተመለሰ። ጉንጩ ሞልቷል፤ አንገቱ ላይ የቀረው አንዲት ሸርተት ያለች ጠባሳ ብቻ ናት። ቡሬ ከወለደች ሰንብታለች። ሐኪሙ ለእቴ «ደህናም ትሁን ታማሚ፣ ከእንግዲህ የማንኛዋም ላም ወተት ሳይፈላ እንዳይጠጣ» ብሏታል፤ እሷም እሽ ብላ ቃል ሰጥታዋለች። የዳሚትን ሳንባ ድምፅ በጆሮዋ ሰምታ እንዴት እምቢ ትላለች? እሳቱን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ፈርታው ኖራለች።

ያን ቀን ድስቱን ጣደችና ከፊቱ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናት። ሙሄ ኩባያውን ይዞ ይጠብቃል። ወተቱ ዝም አለ፤ ዝም አለ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሁላችንም ወተት ሲፈላ አይተን አናውቅም፤ እንዲህ ብሎ እንደሚነሣ ማን ነገረን? ገንፍሎ ፍሙ ላይ ተንቸሰቸሰ፤ ቤቱ በዚያ ሽታ ሞላ። እቴ ጮኸች። ማንኪያውን ጥላ ወደ ጋጣው ሮጠች፤ እኔም ከኋላዋ።

ቡሬ ሥር ተንበረከከች። ዓይኗን ጨፍና ጡቶቿን አንድ በአንድ በጣቷ ጫፍ ዳበሰች፤ ልክ እንደዚያ የአምባሰል ልጅ። ቡሬ ማመንዠኳን አላቆመችም።

«ደህና ናት» አለች እቴ። እንደገና ዳበሰች። «ኧረ ደህና ናት! ወላሂ፣ ምንም አልሆነችም!» ስቃ ሳትጨርስ እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች።

ተመልሰን ስንገባ ሙሄ እንዳስቀመጥነው አለ። እቴ የተረፈውን ወተት አብርዳ ኩባያው ውስጥ ቀዳችለት። ሙሄ አሸተተው። ቀና ብሎ አያት።

«ይሄ የዳሚት አይደለም» አለ።

ዳሚት መታረዷን ደሴ ሳሉ እንዳልነገረችው ያን ጊዜ ገባኝ። እቴ ዘሀራ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አዎ» አለችው። «የዳሚት አይደለም። ጠጣ።»

ጠጣ። እሷ ኩባያው ባዶ እስኪሆን ዓይኗን ከአንገቱ አላነሣችም።